ጋሼ የሚጠሯቸው ተጫዋቾች

አጎቴን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከስታዲየም ሲመለሱ የጎፋ ታክሲ ውስጥ የሌላ ክለብ ደጋፊ «ዘንድሮማ አለቀላችሁ!» ብሎ ቢተነኩሳቸው አይሳደቡም። የክለባቸውን የድሮ ተጫዋቾች ከበረኛው ጀምረው በኩራት በስም ይጠራሉ። «እስቲ አንተም የናንተን ጥራ!» ይሉታል። ሲከራከሩ ቆይተው ተሳስቀው ይወርዳሉ። ልጄ ከእሳቸው ጋር ሲሄድ ሰግቼ አላውቅም።

ካረፉ ወዲህ ብቻውን ነው የሚሄደው። ባለፈው እሁድ ቅንድቡ ተተርትሮ መጣ።

«እንደ ጋሼ ስም አትጠራም ነበር?» ብዬ ጮህኩበት።

«ጀምሬ ነበር እኮ እማዬ! ከበረኛው ቀጥሎ ያለው ጠፋኝ። ሲስቁብኝ ተማታሁ።»

እኔም አላውቃቸው፣ ምን ልበለው? ነገ ደግሞ ጨዋታ አለ፤ ደም የነካውን የጋሼን የክለብ ሻርፕ አጥቦ አስጥቶታል። ኧረ ጋሼ፣ አንድ ሰው የቀበርን መስሎኝ ነበር፤ ለካ አስራ አንዱንም ይዘው ነው የሄዱት።