የተቆረጠው ዕልልታ

እናቴ ዕልልታ ካልሰማች አትዘፍንም ነበር። ይህን በቤታችን የማያውቅ የለም፤ ካሴቱን ያጸዳው ልጅ ግን አያውቅም።

እናቴ ልጅ እግር ሳለች እዚሁ ባሕር ዳር «ሠርግ በታንኳ» የሚባል ሙዚቃዊ ቴአትር ተሠርቶ ነበር። ሙሽራዋን በደንገል ታንኳ ሐይቁን ሊያሻግሯት የመጡ ሚዜዎች «ማን ይቅዘፍ?» በሚል ይጣላሉ፤ እነሱ ሲከራከሩ ታንኳው ውኃ እየጠጣ ይሰምጣል፤ እነሱ ግን እስከ አንገታቸው ገብተውም ክርክሩን በዘፈን ይቀጥላሉ። አዲስ አበባ ስላልዘለቀ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሙሽራዋ እናቴ ነበረች፤ ዘፈኖቹም ተመልካች ፊት እንደተዘፈኑ በካሴት ተቀድተው ነበር።

እናቴ ድምፅ እንጂ ምት አልተሰጣትም። ሙዚቃው ተጀምሮ መቼ እንደምትገባ አታውቅም፤ ወይ ትቀድማለች ወይ ትዘገያለች። መላ የዘየደችላት ታላቅ እኅቷ ነበረች። አክስቴ የመድረኩን ልብስ የምትሰፋ እንጂ ተዋናይ አልነበረችም። ከመጋረጃው ጀርባ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ትቆምና ሰዓቱ ሲደርስ ዕልል ትላለች። እናቴም ሁልጊዜ በሹክሹክታ «መጣሁ» ብላ ትወጣና ትዘፍናለች። ተመልካቹ የሠርጉ ዕልልታ ይመስለው ነበር። ካሴቱ ላይም እንደዚያው ገባ።

አክስቴ ከሞተች ቆየች። ፎቶዋ ግድግዳችን ላይ አለ፤ ከድምፅዋ የቀረው ግን ያ ዕልልታ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን የእኛን ካሴት ቴፑ ስለበላው እናቴ ከሰማችው ዘመን አልፏል። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ወረታ ከሚኖሩ ነጋዴዎች ቤት ደኅና ቅጂ አግኝቶ «እንደ ገና ላወጣው ነው» ብሎ ሲመጣ እናቴ አለቀሰች። ጉንጩን ስማ መረቀችው። ካሴቱ በሚመረቅበት ዕለት መድረክ ላይ ወጥታ ከካሴቱ ጋር የሙሽራዋን ዘፈን እንድትዘፍንም ተስማማች።

«ቀድመሽ ስሚው እንጂ» አልኋት።

«አልሰማም። እዚያው ቆሜ ነው የምሰማት።»

«ልምምድስ?»

«እታለሜ እያለች የምን ልምምድ ነው?» አለችኝ። ስለ እኅቷ ስታወራ ጎረቤት ያለች ይመስል ነበር።

ዝግጅቱ ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ በቀን ተደረገ፤ ሰሞኑን ባጃጆቹ ሳይመሽ ነው የሚገቡት። ከሰፈራችን ከዘንዘልማ ተነሥተን ቀደም ብለን ደረስን። እናቴን ፊት ወንበር ላይ፣ ዛሬ ምርኩዝ በያዙት የድሮ ሚዜዎቿ መካከል አስቀመጥኋት። ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ወስዶ በኩራት ማዳመጫ ሰጠኝ። እውነትም አጽድቶታል። ክራሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አኮርዲዮኑ ሲተነፍስ እንኳ ይለያል። ከዚያ ዕልልታው የሚመጣበት ቦታ ደረሰ። ምንም የለም። ባዶ። ከባዶው ቀጥሎ እናቴ ገባች።

«ዕልልታው የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ከመግባቷ በፊት ያለው ነዋ!»

«እ፣ እሱማ የያኔውን ማይክ እያስጮኸ አስቸገረኝ። ቆረጥኩት። ልዩነቱን ሰማሽው እኅቴ?»

ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። የማን ዕልልታ እንደሆነ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ያልጸዳው ቅጂ አዲስ አበባ ቤቱ ነው፤ ወንድሙ ይልከው ነበር፤ ኢንተርኔቱ ግን ከትናንት ጀምሮ የለም። ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ ዝቅ አደረገው። ኔትወርክ በልመና የሚመጣ ይመስል።

አሁን ማን ይንገራት? በእኛ አገር ሰው ሲሞት መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ይሰባሰባል፣ ማለዳ ይጠበቃል፣ እስከዚያው «ደኅና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» እየተባለ ይከረማል። እኔንም ይኸው ልማድ ያዘኝ። እንደ መርዶ ቆጠርሁትና አመቺ ጊዜ እስካገኝ ልደብቀው ወሰንሁ።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?» አለችኝ እናቴ ወደ ወንበሯ ስመለስ።

«ምንም። ሙቀቱ ነው።»

ምናልባት ራሷ ታውቀው ይሆናል፣ ምናልባት ምቱን ለምዳው ይሆናል እያልሁ ተመልሼ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምሁ። ወጣች። ተጨበጨበላት። ሙዚቃው ጀመረ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መጋረጃው፣ ወደ እኔ በኩል ጆሮዋን ሰጠች። ባዶው ቦታ መጣና አለፈ። ከድምፅ ማጉያው የወጣትነት ድምፅዋ ወጣ፤ እሷ ግን አፏን እንደ ዘጋች ቆማ ቀረች።

ከሰዉ መካከል «ረሳችው፣ እርጅና ነው» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ሊያበረታታት ያጨበጨበም ነበር፤ ጭብጨባው ከጉርምርምታው ባሰብኝ። እናቴ ወደ ማንም አላየችም፤ መጋረጃውን ብቻ ነው የምታየው። እየጠበቀቻት ነበር። ልጁ ሙዚቃውን አቋረጠና እንደ ገና ከመጀመሪያው አስነሣው።

እኔ ዕልልታ አልችልም። ሠርግ ቤት ሁሉ «አንቺ ዝም በይ፣ ሙሽራው ይደነግጣል» እባላለሁ። ክራሩ መጣ፣ አኮርዲዮኑ መጣ፣ ባዶው ቦታ ሲደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅሁት። መሐል ላይ ተሰበረብኝ፤ መጨረሻው ሳል ሆነ። እናቴ መጥፎ መድኃኒት እንደ ዋጠ ሰው ፊቷን አጨማደደች። «መጣሁ» አላለችም። ግን ገባች። አሮጊቷና ወጣቷ አንዴ እየተቀዳደሙ፣ አንዴ እየተጠባበቁ ዘፈኑን ጨረሱት። ሚዜዎቹ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱላት።

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ቆረጣት አይደል?» አለችኝ።

«አዎ። ሳያውቅ ነው።»

«አንቺ ግን አውቀሻል።»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እማዬ።»

«መርዶዋን አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ። ደግሜ እንዳልሰማ ብለሽ ነው ሰው ፊት ያስጠበቅሽኝ?»

ዘንዘልማ እስክንደርስ በባጃጁ ጎን ተጀምረው የቆሙትን ቤቶች ስቆጥር ቆየሁ። ስንወርድ ክንዴን ይዛ «ያ ያንቺ ጩኸት ደግሞ፣ አክስትሽ ብትሰማው ትስቅ ነበር» አለች። እፎይ አልሁ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልጁ ያልጸዳውን ቅጂ ከብዙ ይቅርታ ጋር ላከልን። እናቴን አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጥኋት፣ አጠገቧ ተቀመጥሁና ስልኩን ከፈትሁ። ቅጂው ይንጫጫል፣ ይንኮሻኮሻል። ክራሩ መጣ፣ አኮርዲዮኑ መጣ። ከዚያ አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ ዕልል አለች፤ ረዥም፣ ጤነኛ፣ ሙሉ።

እናቴ ቀና አለች። ትንፋሽ ሳበች። ፎቶውን ሳይሆን በሩን እያየች፣ በሹክሹክታ፣ «መጣሁ» አለች።

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ስልኩን ዘጋሁትና «የትም አትሄጂም! ቁጭ በይ!» ብዬ ጮኽሁባት።

እናቴ ዞራ አየችኝ፤ ቀስ ብላም ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ! ዘፈኑ ገና መች ተጀመረ? መልሽው እንጂ።»

መለስሁላት። የነጠላዋን ጫፍ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቅሁም።