ውሃ ላይ ያደረው ታንኳ

ፊልሙ የልጆች ነው። ሦስት ልጆች የተቀበረ ሣጥን ፍለጋ ከባሕር ዳር በታንኳ ተነስተው ወደ አንዲት ደሴት ይሻገራሉ። ድርሰቱ የእኔ፣ ታንኳው የአባቴ ነው። አባቴ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ደንገል፣ የሐይቁን ዳር ቄጠማ፣ እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲያውሱኝ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ «ማታ ማታ አውጥተሽ ዛፍ አስደግፈሽ አቁሚው።» ደንገል ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። እዚህ ዳርቻ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ወዳጄ ደግሞ በሬዲዮ ፊልም የሚተች፣ ሰው የሚያምነው ሐያሲ ነው። በቀረጻው ጊዜ ሁሉ ከጎኔ አልጠፋም። ልጆቹ ደሴቲቱ ላይ የሚያድሩበት ክፍል ደርሶ ታንኳውን ላስወጣ ስል፣ «ተይው ባክሽ፣ ሲንሳፈፍ ያምራል። ልጅ ምን ያውቅብሻል?» አለኝ። እሺ አልኩ። ታንኳው በፊልሙም በእውነትም ውሃ ላይ አደረ። በማግስቱ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት፤ ለአባቴ ግን ምንም አልተነፈስኩም።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ በሚወጣው ምስጋና ስሙን ልጽፍ ስል እምቢ አለ። «ስሜ እዚያ ካለ፣ ሳሞግሰው ማን ያምነኛል?» ደስ እያለኝ ተውኩት።

ፊልሙ የታየ ዕለት ልጆች ወንበር ላይ ቆመው ጮኹ። እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ከልጆቹ እኩል ይስቅ ነበር።

እሑድ ሹም አቦ ሰፈር እቤታችን፣ «ሲያሞግሰኝ ይስሙ» ብዬ አባቴን ሬዲዮው አጠገብ ያስቀመጥኳቸው እኔው ነኝ። «ደራሲዋ ጣናን በፖስትካርድ ያየችው ይመስለኛል» አለ ወዳጄ። «ታንኳ ውሃ ላይ የሚያሳድር የሐይቅ ልጅ የት ነው ያለው? ስህተቷን የሚነግራት ሰው አጠገቧ አለመኖሩ ያሳዝናል።»

ሌሎችም ተችተውኛል። ረዘመ ያሉ አሉ፣ ሣጥኑ ባዶ መሆኑ ልጆችን ያሳዝናል ያሉም አሉ። አልከፋኝም። ይሄኛው ግን በገዛ ምክሩ ወጋኝ። ደጅ ወጥቼ ደወልኩለት።

«ካሞገስሁትማ ወዳጇ ስለሆነ ነው ይሉኛል» አለኝ፣ ሳያፍር።

ከዳኝ። ሌላ ቃል የለኝም።

ስመለስ አባቴ ሬዲዮውን አጥፍተው ጠበቁኝ።

«እውነት ነው? ውሃ ላይ አሳደርሽው?»

«ተይው ያለኝ እኮ እሱ ነው፣ አባባ።»



«ለሱ መች አዋስሁት?» አሉኝ።