የአምስት ቀን ድሪቶ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ኸሪፉ፣ ማለት ክረምቱ፣ አልፎ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ሲቆም የእኔ ሥራ ይጀምራል። ከደጋ የመጣ ሰው "እዚህ ደግሞ ምን ብርድ አለና ነው?" እያለ ይስቅብኛል። ቆይ ብዬ እተወዋለሁ። የሌሊቱ ነፋስ ሲጀምር እሱው ራሱ አሮጌ ጨርቁን ተሸክሞ ድሪቶ ስፊልኝ እያለ ይመጣል።

ድሪቶ ስሰፋ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሱዳን ሴቶች ተከናንበው የጣሉትን ቶብ፣ ያለቀ ጀለቢያ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ያመጡልኝን ሁሉ አጥቤ እቆርጣለሁ። ቁርጥራጩን እርስ በርሱ ገጣጥሜ የላዩን ፊት እሠራለሁ፤ ከታች የዱቄት ጆንያ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ መሀሉ ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ እከታለሁ። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ በረጅም መርፌ ከዳር እስከ ዳር እጠቀጥቃለሁ። ስፌቱ ከተንሻፈፈ መሀል ያለው ብርድ ልብስ በታጠበ ቁጥር እየተጠቀለለ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ስለዚህ የተንሻፈፈ ስፌት አላሳልፍም፣ አስተረትራለሁ። ሊያግዙኝ የሚመጡትን ሴቶች እቆጣለሁ፣ ሲብስብኝም እሳደባለሁ። ክፉ ናት ይሉኛል። አልዋሹም።

ከሁሉ አብዝቼ የምቆጣው ጎረቤቴን ነበር። ግድግዳ እንጋራለን። እንደኔው ከጎንደር በኩል የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እስከ ቀትር መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ስታበጥር ትቆይና ከሰዓት በኋላ እኔ ራኩባ ሥር፣ የሣሩ ጥላ ውስጥ መጥታ ትቀመጣለች። ያቀራረቡን ልጆቻችን ናቸው። የእኔ አንዲቱ ልጄ ግብፅ ናት፤ የእሷ አንዱ ልጇ ሊቢያ ነበር። ከሁለቱ አንዱ የደወለ ቀን ሁለታችንም ደህና እንቅልፍ እንተኛለን። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ልጇ "ባሕሩ ይቅርብኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ" ብሎ ደወለላት። እሷም ያጠራቀመችውን ጨርቅ አምጥታ ለአልጋው ድሪቶ እንሥራለት አለችኝ። አጠብነው፣ አደረቅነው፣ ቆረጥነው።

ልንሰፋ ባልንበት ዋዜማ የዕድራችን ዳኛ አስጠሩኝ። ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና በረሃ ላይ ተገልብጦ ሞቷል አሉኝ። የደወለላቸው አብሮት የነበረ የአገራችን ሰው ነው። እዚያው ቀብረውታል።

"ለእርሷስ ማን ይንገራት?" አልሁ።

"ወንድሟ እስኪመጣ ማንም አይነግራትም።"

ወንድሟ ከዶካ ወዲያ፣ ስልክ የማይሠራበት እርሻ ላይ ነበር። የመጨረሻው ዝናብ ዋልካውን አጨቅይቶት ከትራክተር በቀር የሚያልፍ የለም። መልእክት ተልኮለታል፣ እንጠብቃለን አሉ። መርዶ ዘመድ በሌለበት አይነገርም፤ ወጋችን ነው። እኔም በሌላ ሰው ጊዜ ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። እሷ ደግሞ የደም ግፊት አለባት።

"ከአንች ጋር ነው የምትውለው" አሉኝ ሽማግሌው። "አፍሽን ያዥ። ፊትሽንም ጭምር።"

ሆድ ይፍጀው ማለት ቀላል ነው። የእኔ ሆድ ወሬ እንደማያሳድር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ መጣች። ጨርቆቹን ደራርበን ዘረጋንና ፊት ለፊት ተቀመጥን። ስለ እሱ ታወራለች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲተኛ እግሩ ከልብሱ እንደሚወጣ፣ አሁን ደግሞ ቁመቱ አባቱን እንዳለፈ ነገረችኝ። "አንድ ክንድ እንጨምርለት" አለች። ምን ልበል? ቆርጬ ጨመርሁ። ለሞተ ሰው አንድ ክንድ ጨመርሁለት።

በሁለተኛው ቀን ስፌቷ ተንሻፈፈ። እያየሁ ዝም አልሁ። ከዳር እስከ ዳር እንደተንሻፈፈ ሄደ፤ አሁንም ዝም አልሁ። እንዲያውም "ጎበዝ" አልኋት መሰለኝ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ተከለችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ሆነሻል?"

"ምን ሆንሁ?"

"ይህን መስመር እዪው እንጂ፣ እባብ የሄደበት ይመስላል። ለምን አልተቆጣሽኝም?"

"ደክሞኝ ነው።"

"አንች ደክሞሽ የምትተይ ሴት ነሽ? ወባ ይዞሽ እንኳ ስትሳደቢ አውቅሻለሁ።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እቴ፣ የሰማሽው ነገር አለ?"

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እጇ ስልኳን ፍለጋ ሄደ።

የማደርገው ጠፋኝ። አንዲት ቃል ካመለጠችኝ አለቀ፤ ብቻዋን፣ አንድ ዘመድ ሳይኖራት፣ በእኔ አፍ ልትሰማው ነው። ስለዚህ ጮህሁባት። "ይህ እጅ ነው? ዐይንሽ አያይም? ስፌት ሰሊጥ ማበጠር መሰለሽ? ልጅሽ መጥቶ ይህን ሊለብስ ነው? ሰው ቢያይ ምን ይላል?" ጨርቁን ነጥቄ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ተረተርሁት። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ተቆጥቼ አላውቅም። ሐዘኑን የማወጣበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም፤ ሁሉንም እዚያ ቁጣ ውስጥ ከተትሁት። ዐይኔ እንባ ሲሞላ የንዴት መሰላት።

እሷ ግን ፊቷ በራ። "ተመስገን፣ አሁን ደህና ነሽ" ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ከዚያ የተረተርሁትን ክር ለቃቅማ እንደ አዲስ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተቆጣኋት። ቀጥ ብሎ የሄደውን ስፌት ሳይቀር አስተረተርኋት። እሷ እየሳቀች ትሰፋለች፣ እኔ እየጮህሁ እሰፋለሁ። ሲመሽ ወደ ሽማግሌው ሱቅ እሄድና ወንድሟ መጣ ወይ እላለሁ። በመንገድ ነው ይሉኛል። አንድ ቀን "ከዚህ በላይ አልችልም፣ ይንገሯት" አልኋቸው።

"ለእሷ ስለሚሻል ነው ወይስ ለአንች ስለከበደሽ?" አሉኝ።

ጥያቄያቸውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በአምስተኛው ቀን ዳር ዳሩን ቀምቅመን ጨረስን። በራሷ ላይ ተሸክማ ወስዳ አልጋው ላይ አነጠፈችውና ነይና እዪው ብላ ጠራችኝ። ገብቼ አየሁ። አማረበት አልሁ። የዚያኑ ምሽት ወንድሟ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሽማግሌው ዘንድ ደረሰ። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ፣ ወንድሟና እኔ በሯ ላይ ቆምን። በሩን ከፍታ ስትወጣ ዐይኗ ወንድሟን አልፎ እኔ ላይ ነው ያረፈው። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት።

ለቅሶው ላይ የሱዳን ጎረቤቶቻችን እየመጡ እጃቸውን ዘርግተው ፋትሐ፣ የእነሱን ጸሎት፣ ይላሉ፤ ምግቡንም አብዛኛውን ያመጡት እነሱ ናቸው። ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ውኃ ስሰጣት ትቀበላለች፣ አታየኝም። ለቀስተኛው ከቀለለ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ራሷ ራኩባው ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ስትቆጭኝ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"በሁለተኛውም ቀን?"

"ከመጀመሪያውም በፊት።"

"እኔ እኮ ሳቅሁ" አለች። "ልጄ አፈር ገብቶ እኔ ሳቅሁ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶኛል።"

ወንድምሽ እስኪመጣ ብለን ነው፣ ግፊትሽን ፈርተን ነው፣ ወጉ ነው ልላት አፌን ከፈትሁ። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንዱም አልወጣልኝም። "ይቅር በይኝ" ብቻ አልሁ።

"ይቅር ብያለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር። "አንድ ነገር ግን ስሚኝ። እግዜር አያድርገውና ከግብፅ የሆነ ነገር ቢመጣ፣ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ከሆንሁ፣ ሽማግሌ አልጠብቅም። ዘመድም አልጠብቅም። እዚያው በሰማሁበት ሰዓት መጥቼ እነግርሻለሁ።"

እርግማን ይሁን ምሕረት መለየት አልቻልሁም። ልጄ ከደወለች ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር።

"እሽ" አልኋት። "ንገሪኝ።"

ዘንድሮም ሰሊጡ ታጭዷል፣ ጨርቁም እየመጣልኝ ነው። እሷም ከመጋዘን ስትወጣ እንደ ድሮዋ ወደ እኔ ትመጣለች። ገና ከሩቅ ሳያት መርፌዬን አስቀምጣለሁ፤ ሰላም ከማለቴ በፊት ፊቷን ነው የማየው።