ገመዳ ጋ የተቀመጡ ሜዳሊያዎች

ሾላ ገበያ ከኔ ሽንኩርት አጠገብ ጤፍ የሚሸጠው ገመዳ ወታደር ሆኖ አያውቅም። የሰው ሜዳሊያ መሰብሰብ ግን ይወድ ነበር፤ ምን ዓይነት ልክፍት ነው እላለሁ እስካሁን። በንጉሡ ጊዜ የዘመቱ፣ ኮሪያ ደርሰው የመጡ ሽማግሌዎች ቤታቸው እህል ሲያልቅ ከየካ ዳገት፣ ከእንጦጦ ሥር ይወርዱና ሜዳሊያቸውን በመሐረብ ቋጥረው ያመጡለታል። እሱም ጤፍ ይሰፍርላቸዋል። መጀመሪያ ግን ዱካ ላይ ያስቀምጥና የት እንደተሸለሙ፣ አጠገባቸው ማን እንደወደቀ ያስወራቸዋል። ገዢ ቆሞ ይጠብቃል! እኔ ደግሞ ዝም አልልም፤ አንተ ሥራ ፈት፣ ዘውድ ያለበትን ነገር እያከማቸህ ቀበሌ ቢያይብህ ማን ሊያወጣህ ነው እለዋለሁ። እሱ ይስቅና ጤፉን ይሰፍራል።

ነገሩ የገባኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲሞቱ ነው። ገመዳ ሜዳሊያቸውን ወልውሎ ለቅሶ ቤት ይዞ ሄደና ፎቶግራፋቸው አጠገብ አኖረው። ከዚያ አልቃሿን ለተጊዮርጊስን ጠጋ ብሎ የሰውየውን ጀብዱ ነገራት፤ እሷም በግጥም አወረደችው። የቤተሰቡ እንባ ወጣለት። እኛ ጋ እኮ ሰው ሥራው ተነግሮ ካልተለቀሰለት የተቀበረ አይመስልም። ከቀብር መልስ ሜዳሊያውን ለልጆቹ ሰጥቶ ወደ ጤፉ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ አሮጌ ወታደር ሁሉ፣ ገመዳ ጋ ያለ አደራ ነው ማለት ጀመረ።

ገመዳና ሚስቱ ወርቅአየሁ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ ተክሌ። ብሔራዊ ውትድርና የመጣ ጊዜ ተጠራና ወደ ሰሜን ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ደብዳቤው ተቋረጠ። ገመዳ ከግንባር ቁስለኛ መጣ ሲባል ጤፉን ለኔ ጥሎ ይሮጣል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ክራንች የያዘ የተክሌ ጓደኛ ራሱ ፈልጎት መጣ። ሞቷል አለ። እንዴት ሲሉት፣ ጨለማ ነበር፣ ወደ ኋላ እየሸሸን ነበር፣ ሲነጋ የለም፤ ሌላ የማውቀው የለኝም አለ። አስከሬን የለ፣ ሜዳሊያ የለ። የሰውን ሁሉ ታሪክ ሲለቅም የኖረ ሰው የልጁን አጣው።

ድንኳን ተተከለ። ለተጊዮርጊስ እንደ ልማዷ ወደ ገመዳ ጎንበስ ብላ፣ ምን ብዬ ላልቅስለት አለችው። ባዶ እጆቹን ዘረጋላት። ይሄን ያዩት ኮሪያ የዘመቱት አሥር አለቃ ገረሱ ናቸው፤ የሳቸውም ሜዳሊያ እሱ ዘንድ ነበር።

«የኔን ከልጁ ፎቶ ጎን አድርጉት፤ ኮሪያ ላይ የያዝኩትንም ኮረብታ ለሱ ስጡት» አሉ። «እኔ ጠግቤዋለሁ።»

ሜዳሊያው መጣ። ለተጊዮርጊስም ኮረብታውን ብቻውን ስለያዘው ጀግና ታወርደው ጀመር። ሰው ተንጫጫ፤ ወርቅአየሁ ደረቷን መታች። ገመዳ ይሄኔ ብድግ አለ።

«ተይ፣ ለተጊዮርጊስ። ይሄ የአሥር አለቃ ነው። እናቱን ለሌላ ሰው ልጅ አታስለቅሻት።»

«እና ምን ልበል?»

«ተክሌ በግ ሲታረድ ጓሮ ገብቶ ጆሮውን ይደፍን ነበር። ፈሪ ነበር። ፈሪ ልጄን ነው የወሰዱብኝ፤ እሱን በይልኝ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። አለቀልህ አልኩ በሆዴ። ለተጊዮርጊስ ቀስ ብላ ጀመረች።

*በግ ሲታረድ ሸሽቶ የሚገባ ጓሮ፣*
*መድፍ ሲያጓራ ተክሌ የት ሸሸህ ዘንድሮ?*

እንደዚያ ቀን ተለቅሶ አላየሁም። አሥር አለቃ ገረሱ እንኳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ወርቅአየሁ፣ አዎ ልጄ ነው፣ እሱ ነው፣ እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩን ሰርቄ ባየው አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሱም ልጅ ሰሜን ነበር።