ጉልቻ ላይ የተጣደችው የጀርመን ጀበና

የማታምኑትን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ዳር፣ የጀርመን ፖርሰሊን ጀበና፣ ያቺ ፈረንጆች ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው በመስታወት አሻግረው የሚያዩዋት ዓይነት፣ ጉልቻ ላይ ተጥዳ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ተንተክትካ፣ ቡና አጠጥታናለች። አታምኑም፤ አውቃለሁ። ጆሃንስበርግ ውስጥ እስካሁን ያመነኝ የለም። በዚህ ከተማ ካለነው ሐበሾች መሃል በወሬ የሚያስከነዳኝ አልተወለደምና ምናልባት ችግሩ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ድምፅ ነው። የኮሮናው ሎክዳውን የገባ ሰሞን፣ አሌክሳንድራ ያለችውን፣ እዚህ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቄን ዘግቼ፣ ሮዘተንቪል በተከራየኋት የጓሮ ክፍል ተከርችሜ ተቀምጬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውለው የታክሲ ጥሩምባ ጠፍቶ ከተማው ጭጭ ብሏል። አንድ ጠዋት ከወደ ግቢው «ቅልል፣ ቅልል» የሚል የክዳን ድምፅ መጣ። ክው አልኩ! ያንን ድምፅ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። እጄ ላይ ሳሙና እንዳለ ወጥቼ ሳይ፣ ተከራዮቿ ሁላችን «ጎጎ» እያልን፣ ማለትም አያቴ እያልን የምንጠራት ባልቴቷ አከራዬ፣ ሥራ ፈትታ ከአማቷ የወረሰቻቸውን የጀርመን ጀበናዎች ፀሐይ ላይ ደርድራ ታጥባለች።

«ጎጎ፣ እኛም ቤት እንዲህ ያለች ነበረች፤ እሳት ላይ ጥደን ቡና አፍልተንባታል» አልኳት ማስኬን ወደ አገጬ አውርጄ።

«ሃይ! ማስክህን መልሰው፤ ውሸትህንም አብረህ ሸፍነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የለኝ፣ መውጫ የለኝ፣ ስልኬን ይዤ ስለ ጀርመን ፖርሰሊን ሳነብ ሳነብ፣ ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ያቋረጠው ሰውዬ ሎክዳውኑ ሲላላ ፕሮፌሰር ሆኜ ወጣሁ። ነገሩ ለካ የቤተሰብ ነው። ነጭ አፈርና ጫካ ባለበት መንደር አንዱ አባወራ ምድጃ ይተክላል፣ ልጆቹ ይቀርጻሉ፣ ምራቶቹ አበባ ይስላሉ፣ ጀበናዋ ቂጥ ላይ የቤቱን ማኅተም ያትማሉ። አባትየው ሲሞት ወንድማማቾቹ ይጣሉና አንዱ ማኅተሙን፣ ሌላው ምድጃውን ይዞ ይሄዳል፤ ልክ እንደኛ የመሬት ውርስ በሉት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህንን ሳነብ ብዙው አዲስ አልሆነብኝም፤ በልጅነቴ ከሲስተር ሂልዳ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ሲስተር ሂልዳ የሚሲዮን ክሊኒክ ነርስ ነበረች፤ እናቴ ደግሞ ቤቷን ታጸዳላት፣ ታበስልላት ነበር። አማርኛ አጣርታ ትናገር ነበር፤ ስትቆጣ ብቻ ወደ ጀርመንኛ ትሻገራለች። አንድ ክረምት፣ ጭቃው ላንድሮቨሩን ሳይቀር ይውጥ በነበረበት ወቅት፣ ጊዜው ከፋና ፈረንጆቹ ውጡ ተባሉ። እሷም ሻንጣዋን አስጭና፣ ዝናብ እየወረደባት እኛ ቤት መጥታ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ከብብቷ አወጣች። ፎጣው ሲፈታ አንዲት ጀበና ወጣች። እንዲያ ያለ ነጭ አይተን አናውቅም! ሆዷ ላይ ትናንሽ ሰማያዊ አበባ፣ አንገቷ ላይ ቀጭን የወርቅ ቀለበት፣ ቂጧ ላይ አረንጓዴ ዘውድና ሁለት ፊደል ነበራት።

«ይህ አያቴ ነው፣ ይህ ደግሞ ወንድሙ» አለችን ፊደሎቹን በጣቷ እየነካች። «ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ ወንድሜ ወደ ካርል። ፋብሪካው የኛው ቤት ነው። አበቡ፣ እስክመለስ አደራ።»

እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። እኔ በበኩሌ ጀርመን የሚባለው አገር በሙሉ አንድ ቤተሰብ ሆኖ ጀበና የሚሠራ መስሎኝ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲመጣ፣ ዘመድ አዝማድ ለበዓሉ ቤታችን ሲሰበሰብ፣ ዓይኑ ሁሉ አባቴ ግድግዳው ላይ በሠራላት መደርደሪያ ላይ ያርፍ ነበር። አስጎብኚው እኔ ነበርኩ። «ዘውዷን ላሳያችሁ?» እያልኩ እጄን ስዘረጋ፣ እናቴ ጆሮዬን ይዛ ትመልሰኝ ነበር፤ ይህ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ከዚያኛው ይረዝማል። እሷ የምትጠነቀቀው ያለምክንያት አልነበረም። በኛ ሰፈር የአደራ ዕቃ ዝም ተብሎ አይመለስም። አደራ የተቀበለው ሰው ጎረቤት ጠርቶ፣ ዕቃው የደረሰበትን ሁሉ፣ አይጥ ከነካውም አይጥ ነክቶታል ብሎ፣ ሰው ፊት ተናግሮ ነው የሚያስረክበው። አንዲት ነገር ከተደበቀች አደራው እንደተበላ ይቆጠራል፤ አደራ በላች ተብላ ደግሞ ገበያ መውጣትም፣ ጸሎት ቤት መግባትም የለም።

በጋው ላይ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ምህረቱን ወለደችና፣ ልታርሳት የአባቴ እህት አክስቴ ታደለች ከገጠር መጣች። ታደለች ስትናገር ዶሮ የምታስበረግግ፣ ሥራ ላይ ግን እሳት የሆነች ሴት ነበረች። አንድ ጠዋት ጥጃው ገብቶ የቤቱን ጀበና አንገቷን ቀነጠሳት። በር ላይ ደግሞ «እንኳን እግዚአብሔር በሰላም አገላገለሽ» ለማለት የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። አክስቴ ዞር ስትል፣ እጀታ ያላት፣ አፍ ያላት፣ ክዳን ያላት አንዲት ነጭ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች። አወረደቻት፣ ውኃ ሞላቻት፣ ቡናውን ጨመረችና ጉልቻው ላይ ጣደቻት።

እኔ ከውጭ ስገባ አየኋት። ያን ጊዜ ነው ክዳኗ «ቅልል፣ ቅልል» ማለት የጀመረው፣ እናቴም ከመጋረጃው ጀርባ ከአራስ አልጋዋ ተነስታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እየጠመጠመች ብቅ ያለችው። ፊቷ ከጀበናዋ ነጥቷል።

«ታደለች! ምን አደረግሽ!»

«ምን አደረግሁ? ቡና ነዋ!» አለችና አክስቴ፣ የእናቴን ፊት ስታይ ደንግጣ እሳቱን ልታጠፋ የውኃውን እንስራ አነሳች።

«ውኃ እንዳታስነኪያት! ትፈነዳለች!»

«ታዲያ ላውርዳት?»

«አታውርጂያት! ብርድ ይመታታል!»

«ሴትዮ፣ አትጣጂ፣ አታውርጂ፣ አታጥፊ! ልዘፍንላት ነው?»

አባቴ ገብቶ ጉዳዩን አየና እዚያው ደጃፉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ «እኔ ልጸልይ?» ስል፣ «ጸልይ፤ ይህ አፍህ ዛሬ እንኳ ይጥቀም» አለኝ። እናቴ እንጨቱን አንድ በአንድ፣ እባብ እንዳይነቃበት የሚፈራ ሰው በሚያወጣበት አወጣጥ ከሥሯ አወጣች። ፍሙ ራሱ አመድ እስኪለብስ፣ ጠያቂዎቹ ሴቶች በር ላይ እንደቆሙ፣ ጠበቅን። ጀበናዋ አልፈነዳችም! አክስቴ ታደለች ቀስ ብላ «እና ቡናው ይደፋ?» አለች። አልተደፋም። ጠጣነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ቂጧን በአመድና በሎሚ ስትፈትግ ዋለች፤ ጥቀርሻው ለቀቀና አረንጓዴው ዘውድ ብቅ አለ። ጭረት እንኳ አልታየባትም።

ትምህርት ቤት ሄጄ ስናገር ክፍሉ በሳቅ ሞተ፤ አስተማሪያችን ሳይቀር ጀርባውን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ቀጣፊው» የሚል ስም ወጣልኝና ከዚያ ትምህርት ቤት ያገኘሁት ሰርተፊኬት እሱ ብቻ ሆነ።

ዓመታት አለፉ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ እኔም ጢም ማብቀል ጀመርኩ። አንድ በልግ፣ ጓሯችን ያለው እንሰት በዝናቡ አብረቅርቆ ሳለ፣ ሲስተር ሂልዳ ጠጉሯ ሸብቶ ደጃችን ቆመች፤ ከጎኗ ኮፍያ ያደረገ ረጅም ወንድሟ ካርል አለ። እናቴ አቅፋት አለቀሰችና ወዲያው ጎረቤት እንድጠራ አዘዘችኝ።

አባቴ እናቴን ወደ ጓዳ ጎትቶ፣ «አበቡ፣ ስሚኝማ። ንጹሕ ናት፣ ዘውዷም አለ። ዝም ብለሽ ስጫት። ማን ያውቃል?» አላት።

«እኔ አውቃለሁ» አለችው።

ጎረቤቱም፣ ከገጠር መጥታ ሆሳዕና የቀረችው አክስቴ ታደለችም ተሰበሰቡና እናቴ መሃል ላይ ቆማ፣ ጀበናዋን ይዛ፣ ጥጃውን፣ ታደለችን፣ ጉልቻውን፣ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ከዚያ «አደራሽ ይኸው፣ ተረከቢ» ብላ ሰጠቻት። ሲስተር ሂልዳ ስትተረጉምለት ካርል ፈገግ አለ፣ ቆይቶም ሳቀ።

ሲስተር ሂልዳ ፊቷ እየቀላ፣ «ሊሆን አይችልም ይላል። ይህች ለመቅጃ እንጂ ለእሳት አልተሠራችም፤ እኛ ቤት እሳት ላይ የጣደ ሁሉ ስብርባሪ ነው የለቀመው ይላል። ደስ የሚል ተረት ነው… ይላል» አለችን።

ተረት! ያን ቀን ቡናውን የጠጡት ሴቶች «በዓይናችን አይተናል» ቢሉም የሰማቸው የለም። ከኋላ ደግሞ ያን ቀን ያልነበረች አንዷ ጎረቤት «ምናልባት ሌላ ነገር ልትደብቅ ይሆናላ» ስትል ሁላችንም ሰማናት። የእናቴን ፊት እንዳየሁት የማንንም ፊት ማየት አልፈልግም። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ስሟ በአንድ ሳቅ እጇ ላይ ሲቀልጥ ታያለች።

ሲስተር ሂልዳ ወንድሟን በጀርመንኛ አንድ ነገር አለችው፤ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ቋንቋ ሳንችል ገባን። ከዚያ ጀበናዋን ለእናቴ መልሳ ዘረጋችላት።

«አበቡ፣ ተረክቤያለሁ። አሁን የኔ ናት። ጣጂያት።»

«ሲስተር፣ በእግዚአብሔር…»

«አምኜሻለሁ። ጣጂያት!»

እናቴ አልሰማ ስትላት ሲስተር ሂልዳ ራሷ ውኃ ሞልታ ጉልቻው ላይ አስቀመጠቻት። ውኃው ገና እንፋሎት ሳያወጣ «ጧ!» አለ። ለሁለት ተከፈለች። ውኃው እሳቱ ላይ ተደፋ፣ አመዱ እስከ ጣሪያ ተነሳ፣ አክስቴ ታደለች ጮኸች፣ እናቴ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው አጣሁ፤ እዚያ የነበረ ሁሉ ይመሰክርልኛል።

ካርል ጎንበስ ብሎ አንዱን ስባሪ፣ እየፈጀው ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ፣ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ሳቁ ጠፍቷል። ጣቱን ስብራቱ ላይ አስኬደና ቆመ፣ ደግሞ አስኬደ። ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ሲስተር ሂልዳ እንባዋ እየወረደ ተረጎመችልን።

«እዩት፤ ከላይ ነጭ የሆነው ዛሬ የተሰበረው ነው። ከታች ግን፣ ይህ እንደ ደም ሥር የሄደው ቡናማ መስመር፣ የድሮ ስንጥቅ ነው። ያኔ እሳቱ ዓይን ሳያየው ሰንጥቋት፣ ቡናው ገብቶ ሥጋዋ ውስጥ ቀርቷል። እሳት ባልነካው ዕቃ እንዲህ አይሆንም ይላል። ሴትዮዋ እውነቷን ነው ይላል።»

ከዚያ ያ ረጅም ሰው ኮፍያውን አውልቆ እናቴ ፊት ጎንበስ አለ። ቤቱ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በኋላ እንደሰማነው ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ የወንድማማቾቹ ልጆች እያንዳንዳቸው ወደየከተማቸው ሄደው፣ ያንን ዘውድ የሚያትም እጅ አልቀረም ነበር። እናቴ ተንበርክካ ስብርባሪዋን ከአመዱ ውስጥ አንዲት ሳታስቀር ለቀመች፣ አመዱን በወንፊት ነፋች፣ በነጠላዋ ቋጠረችና ለሲስተር ሂልዳ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ሲስተር ሂልዳ «ግማሹን አስቀሪ» ብትላት እንቢ አለች። ስለዚህ እኔ እጅ ላይ አንዲት ቅንጣት ማስረጃ የለም።

አሁን እዚህ ሐምሌ ነው፤ የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ነው። ሱቄን እንድከፍት ሲፈቀድ፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ወታደር አስቁሞ «ፐርሚት» እያለ የፈቃድ ወረቀት ይጠይቀኛል፤ «ባለ ሱቅ ነኝ» ብለው አይሰማኝም፤ ወረቀቱን ያያል፣ ፊቴን ያያል፣ ደግሞ ወረቀቱን ያያል። አልቀየመውም፤ ያኔም ቢሆን የእናቴ ቃል ለብቻው አልበቃም ነበር። ልዩነቱ፣ ያኔ ቃሏን አምኖ የአያቱን ዕቃ እሳት ላይ የሚጥድ አንድ ሰው ተገኘ። እኔን አምኖ የማስክ ክር የሚያውሰኝ እንኳ በዚህ በሽታ ዘመን አላገኘሁም።

ያላመነ ይሂድና ይጠይቅ። አክስቴ ታደለች ሆሳዕና ገበያ ጀርባ አለች፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ጮክ በሉ፤ ጥፋቱን በሙሉ ጥጃው ላይ ታላክካለች። ምህረቱ እዚሁ ፎርድስበርግ ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ጡት ላይ ነበር፣ ግን ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ ይላችኋል፣ ከኔ የባሰ ነው። እናቴም በሕይወት አለች። እሷን ግን ስትጠይቁ መጀመሪያ እመኗት፣ ከዚያ ጠይቁ።