ቀሚሱ አልገባም ያለበት በር

ሙሽራዋ በሩ ላይ ተንበረከከች፤ ቀሚሱ ግን አልተንበረከከም። ከኋላዋ እንደ ጃንጥላ ብድግ አለ። ሰርገኛው ፊቱን አዞረ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ልጅቱ የጂንካ ልጅ፣ ባሏ የሐመር ተወላጅ አስተማሪ። «ጋሼ፣ አማቴ ደስ እንዲላቸው እንደ ጎጇቸው አድርገው ይስፉልኝ» አለችኝ። ሐመር አገር፣ ዲመካ ገበያ ስሄድ የሐመርን ጎጆ ከውጭ አየሁና ከላይ አጥብቤ፣ ከታች በቀርከሃ ቀለበት ወጥሬ ሰፋሁት። የለካኋት ቆማ ነበር። እዚያ ቤት የሚገባው እየዳኹ መሆኑን እንዴት ልብ ልበል?

አማቷ፣ የሙሽራው እናት፣ ሊመርቋት ጎጆው ውስጥ ተቀምጠዋል። ካልገባች ምርቃት የለም።

«ጋሼ፣ ይቅደዱት!» አለ ሙሽራው።

«ጋሼ፣ ንክች እንዳያደርጉት!» አለች ሙሽራዋ።

መቀሴን አንዴ ከፈትኩ፣ አንዴ ዘጋሁ።

አማትየዋ መጠበቁ ሲሰለቻቸው እየዳኹ ወጡ፤ ሙሽራዋም ተነስታ ቆማ አሳለፈቻቸው። ቀሚሱን ዞረው አዩት፣ ዳሰሱት። ከዚያ ጫፉን ገለጥ አድርገው ውስጡ ገቡ! ምርቃቱንም እዚያው ሆነው አወረዱት። ሲጨርሱ ከቀሚሱ ሥር ጠሩኝ፦

«አንተ ልብስ ሰፊ! ቤቱ ጥሩ ነው። የእኔ ቤት ምሰሶ አንድ ነው፤ የዚህ ለምን ሁለት ሆነ?»