የእትዬ አበራሽ የመጨረሻ ታየር

ከዊኒፔግ መነሳት

ካልጋሪ የሄድኩት ልብስ ልሰፋ ነው። የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሰማይ በነካበት በዚያ ዘመን ወደ አልበርታ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ጉድጓድ ቁፋሮ ወይም ግንባታ ፍለጋ ነበር የሚሄደው። የእኔ ሻንጣ ግን ከቅያሪ ልብስ ሌላ የያዘው መርፌ፣ የሐር ክርና ጠመኔ ብቻ ነበር።

የጠሩኝ እትዬ አበራሽ ናቸው። አዲስ አበባ፣ ፒያሳ በነበረ አንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ቅዱን የሚያወጡትና ጨርቁን የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ እሰፋ ነበር። ሙያውን በወጣትነታቸው ከአንዲት ፈረንሳዊት ነው የተማሩት፤ ስሟን አያነሱም፣ “ማዳም” ብቻ ይሏታል። በተለይ የሚታወቁት በታየር ነበር። ጉርድ ቀሚስና ኮት በአንድ ጨርቅ ተሰፍተው ሲለበሱ ታየር እንላለን፤ ቃሉንም ልብሱንም ያገኘነው ከዚያው ከፈረንሳዮቹ ነው። እሳቸው የሰፉትን ታየር የለበሰች ሴት ከወንበር ስትነሳ ልብሱን በእጇ አትጎትትም ነበር። ራሱ ቦታው ይመለሳል።

ከዚያ እሳቸው በልጃቸው ስፖንሰርነት ካልጋሪ ገቡ፣ እኔ በባለቤቴ በኩል ዊኒፔግ። እኔ የክረምት ጃኬት ፋብሪካ ውስጥ ኪስ እሰፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ። እሳቸው አሥራ አራት ዓመት ላውንደሪ ቤት ውስጥ ጂንስ ሲያሳጥሩ ኖሩ። ስለዚህ በኅዳር መጀመሪያ ደውለው “ሰብሌ፣ ከስንት ዘመን በኋላ እውነተኛ ታየር መጣልኝ፤ ነይና የእጅ ስፌቱን ያዢልኝ” ሲሉኝ ለምን፣ እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም። የሁለት ሳምንት ቬኬሽን ጠይቄ ከቀትር በኋላ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መንገዱ ከሃያ ሰዓት ብዙም አያንስም። ሜዳ ነው፣ ሁሉም ሜዳ ነው። ስንዴው ታጭዶ ገለባው ብቻ በረዶ ላይ ቆሟል። አውቶቡሱ አፍንጫው ብረት የሆነ የሥራ ጫማ በተጫሙ ወንዶች ተሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ከምሥራቁ ባሕር ዳርቻ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዓሣው ስላለቀ በስተርጅና ወደ ሰሜን፣ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ሊገባ ነው።

“አንቺስ ምን ልትሠሪ?” አለኝ።

“የሴት ኮት ልሰፋ።”

“ካልጋሪ ውስጥ? ኮት ከሱቅ አይገዛም እንዴ?” አለና ሳቀ። ክፋት አልነበረውም። ሬጂና ስንደርስ ወርዶ ቡናና ዶናት ገዛልኝ።

ካልጋሪ፣ ጠዋት

አውቶቡሱ ከተማው ሲገባ መጀመሪያ የታዩኝ ክሬኖች ናቸው። ከአንዱ ክሬን ጀርባ ሌላ ክሬን። በረዶው ግን አልነበረም፤ ሌሊቱን ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ ሁሉንም አቅልጦት፣ ጎዳናው በኅዳር ወር ውኃ ይወርድበታል።

የተቀበለችኝ ሊዲያ ናት፤ ታየሩን ያዘዘችው ልጅ። ካልጋሪ የተወለደች፣ በአንድ የነዳጅ ኩባንያ ጂኦሎጂስት የሆነች፣ ቁመቷ ዘለግ ያለ።

“አክስቴ ሰብለ? ኦ ማይ ጋድ፣ ሶሪ፣ ፓርኪንግ አጥቼ ነው” አለችና ሻንጣዬን ነጠቀችኝ።

መኪና ውስጥ ታሪኩን ነገረችኝ። እናቷ ወይዘሮ ምሕረት ባለፈው ጸደይ ነው ያረፉት። ወደ ካናዳ ሲመጡ ፓሪስ ላይ አንድ ቀን አድረው ነበር፤ በዚያች አንድ ቀን ሦስት ሜትር ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ገዙ። ለታየር። ከዚያ መጀመሪያ ሰፊ ጠፋ፤ እትዬ አበራሽ ሲመጡና በቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ደግሞ እናቷ “ትንሽ ልክሳ” አሉ፣ “ልጄ ትመረቅና” አሉ። ጨርቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳለ ሞቱ።

በቀይ መብራት ላይ ከቦርሳዋ ፎቶ አውጥታ ሰጠችኝ። እናቷ በወጣትነታቸው፣ አዲስ አበባ፣ ቢሮ ውስጥ ቆመው። ታየሩን አወቅኩት። እኛ ስፌት ቤት የተሠራ ነው፤ ያንን ኮሌታ ምናልባትም እኔው ሰፍቼዋለሁ።

“ላይክ፣ ይሄ ፎቶ ስንት ዓመቱ ነው? አሁን ዳውንታውን ብትለብሰው ሰው ዞሮ ያያታል” አለች። “በወሩ መጨረሻ ለአለቆቹ በሙሉ ፕሬዘንት አደርጋለሁ። ሁሉም ሽማግሌ ወንዶች ናቸው። አይ ጀስት... እሷን መስዬ መቆም ነው የምፈልገው።”

ካስልሪጅ

እትዬ አበራሽ ከልጃቸው ጋር ካስልሪጅ በሚባል ሰፈር ይኖራሉ፤ ልጃቸው ግን ሰሜን ካምፕ ስለሚሠራ ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን ናቸው። በር ላይ አቅፈው ሳሙኝ፣ “ጌታ ይመስገን” እያሉ። ጠቁረዋል፣ ከስተዋል። ሊዲያ ወደ ሥራዋ ሄደች። ምስር ወጥ አቀረቡልኝ፤ ሻይ ሲቀዱልኝ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አላዩትም። እኔም እርጅና ነው ብዬ በሶፍት ጠረግኩት።

“ቀድሜ ቆርጬ ጨርሻለሁ” አሉኝ በኩራት። “አንቺ ስትመጪ በቀጥታ ወደ ስፌት እንድንገባ።”

ቤዝመንት ወረድን። ጠረጴዛው ላይ ቁራጮቹ ተደርድረዋል። ጨርቁን በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንዲህ ያለ ሱፍ ከነካሁ ስንት ዘመኔ። ፊቱ ለስላሳና ጥልቅ ሰማያዊ፣ ጀርባው ግን ፈዘዝ ያለ። የጉርዱ ቁራጮች ልክ ናቸው። ጀርባው ልክ ነው። እጅጌዎቹ ልክ ናቸው። የኮቱን ሁለት የፊት ቁራጮች አንስቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የሁለቱም አንገት ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። እንደገና አስተካክዬ አስቀመጥኩ።

ሁለቱም የግራ ናቸው።

ጨርቅ ታጥፎ ሲቆረጥ ቀኙና ግራው አብረው ይወጣሉ። ጨርቅ ሲያንስ ግን ተዘርግቶ አንድ በአንድ ነው የሚቆረጠው፤ ያኔ ለሁለተኛው ቁራጭ የወረቀቱን ቅድ መገልበጥ ያስፈልጋል። እሳቸው አልገለበጡም። የተረፈውን ጨርቅ ፈለግኩ፤ መዳፍ የሚያክል ብጣሽ ብቻ ነው ያለው።

“ምን እየፈለግሽ ነው?” አሉኝ።

ሁለቱን ቁራጮች ወደ እሳቸው ገፋሁ። ቀረቡና ቁራጮቹን ዳሰሱ። ጣቶቻቸው በአንገቱ፣ በትከሻው፣ በደረቱ ዞሩ። በሁለተኛውም ዞሩ። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

“ዐይኔ ነው” አሉ። “መሃሉ ጠፍቶብኛል። አሁን ፊትሽን አላየውም፤ የማየው ጆሮሽን ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።”

“ታዲያ ለምን ቆረጡት፣ እትዬ? እኔን አይጠብቁም ነበር?”

“አሥራ አራት ዓመት ጂንስ አሳጠርኩ” አሉ። “አንድ ታየር ልቁረጥና ከዚያ ይጥፋ ብዬ ነው።”

አንዱን ቁራጭ ገልብጬ፣ የጨርቁን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጌ ለመሞከር ወደ ላይ ወጣሁ። በስፒል ሰክቼ መስኮቱ ጋ ያዝኩት። ግማሹ ደረት ሰማያዊ፣ ግማሹ አመድ።

“ይታያል?” አሉኝ ከኋላዬ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። “ይታያል፣ እትዬ” አልኳቸው።

ዳውንታውን

በማግስቱ ያቺን ብጣሽ ይዘን ተመሳሳይ ጨርቅ ፍለጋ ወጣን። ባቡር ጣቢያ እስክንደርስ አውቶቡሱ በአዳዲሶቹ ሰፈሮች በኩል ዞረ። እዚያ ቤት አልነበረም፤ ጭቃ ላይ የቆሙ የእንጨት ማገሮች ብቻ፣ እያንዳንዱ ላይ ግን “ተሽጧል” የሚል ምልክት ተሰክቷል። በየሱቁ መስኮት ሠራተኛ እንፈልጋለን ይላል። ከተማው ሰው ጠፍቶበታል፤ አጠገቤ ያሉትን ሴትዮ ግን የሚፈልጋቸው የለም።

ሦስት የጨርቅ ሱቅ ገባን። ያለው የብርድ ልብስ ጥጥና የልጆች ፒጃማ ጨርቅ ነው። በሦስተኛው፣ አንዲት ሽበታም ሻጭ ብጣሹን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ለረጅም ጊዜ ያዘችው። “ይህን ያመጣልን የነበረው ሰው ሱቁን ከዘጋ ቆየ” አለችኝ። ስትመልስልኝ አጣጥፋ ነው፣ እንደ ደብዳቤ።

ደክሟቸው ስለነበር ሕንፃዎቹን በሚያገናኘው የመስታወት ድልድይ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። የምሳ ሰዓት ነበር። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ሴቶች በፊታችን ያልፋሉ።

“ምን ለብሰዋል?” አሉኝ እትዬ አበራሽ።

ነገርኳቸው። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጃኬት፣ ሲራመዱ ከጀርባው የሚሸበሸብ።

“ትከሻው?”

“ወርዷል፣ እትዬ።”

“ገበሩ ተሰፍቶ ሳይሆን ተለጥፎ ነው” አሉ። ቀጥሎ ግን አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት መጣች፤ ግራጫ ታየር ለብሳለች። ቶሎ ቶሎ ነገርኳቸው፦ ኮሌታው አንገቷን አቅፏል፣ እጅጌው አንድ ሽብሽብ የለውም፣ ስትራመድ የኮቱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ጎንበስ ብለው አዳመጡኝ። “ጫፉ ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ተሰፍቶበታል፤ ለክብደት” አሉ። “ኮሌታው በእጅ ነው የተሰፋው፣ በሺህ ትንንሽ ስፌት። ያረጀ ነው አይደል? ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት?”

“ያረጀ ይመስለኛል።”

“አየሽ፣ ጨርቁ እንጂ ቅዱ አያረጅም። ሄደች?”

“ሄደች።”

ፊታቸውን ወደ ሄደችበት አዞሩ። ከዚያ ክንዴን ያዙና ወደ ባቡሩ ሄድን።

ሊዲያ

“እኔ ልንገራት” ብያቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ቅዳሜ ስትመጣ ራሳቸው ሳሎን አስቀምጠው፣ ሁለቱን ቁራጮች ጭኗ ላይ አድርገው ነገሯት። ዐይናቸው እንደጠፋም፣ ይህን ደብቀው መቀሱን እንዳነሱም። “የእናትሽን ጨርቅ አበላሸሁብሽ፤ ይቅር በዪኝ” አሉ።

ሊዲያ ቶሎ ብላ አቀፈቻቸው። “ኖ፣ ኖ፣ እትዬ፣ ኢትስ ኦኬ። ጨርቅ ነው። ጨርቅ ብቻ ነው፣ እርስዎ አይዘኑ።”

ለማጽናናት ነው ያለችው። እትዬ አበራሽ ግን ጨርቅ ብቻ ስትል እንደ ተመታ ሰው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሊዲያ ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ቆየች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ስትሄድ የቀዳሁላት ሻይ ቀዝቅዞ ነበር።

ጉርዱን ሰፋሁላት። በሦስት ቀን፣ ገበሩን በእጄ፣ ዘምዘማቱ ከውጭ እንዳይታይ አድርጌ፣ ማዳም ብታየው የማታፍርበት ጉርድ። ሊዲያ ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች፤ ልክ ሆነላት፣ አማረባትም። “ከላይ ጥቁር ጃኬት እገዛለሁ” አለችኝ፤ ከሱቅ ማለቷ ነው። እትዬ አበራሽ ልኩን ለማየት ከኩሽና አልወጡም።

መቁረጥ

በቀሩኝ ቀናት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጨርቅ ባይኖርም ቅዱን ልማረው፤ እሳቸው ይናገሩ፣ እኔ ልቁረጥ። ጋዜጣ ዘርግቼ እርሳስ ያዝኩ። ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ወንበራቸውን አስጠግተው ጀመሩ። ጀርባው ቀላል ነበር። ትከሻው ጋ ስንደርስ፦

“እዚህ ጋ ትንሽ ታስገቢያለሽ።”

“ስንት፣ እትዬ? ግማሽ ሳንቲም?”

“ትንሽ ነዋ። እንደ ሴትየዋ ነው።”

“ለሊዲያ ስንት ያደርጉ ነበር?”

እጃቸውን አየር ላይ አነሱ። ጣቶቻቸው የሌለ ጨርቅ ያዙ፣ አዞሩ፣ ለቀቁ። “እንዲህ” አሉ። “አየሽ?”

አላየሁም። እጃቸውን ይዤ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ እርሳሱ ግን ከመስመሩ ወጣ። ደጋግመን ሞከርን። ሦስት ቀን ሙሉ ጋዜጣ ቆረጥኩ፤ ሁሉንም ዳሰው “አይደለም” አሉ። የቱ ጋ እንደሆነ ሊነግሩኝ አልቻሉም። በአራተኛው ቀን ጋዜጣውን ስዘረጋ “ተይው፣ ሰብሌ” አሉኝ። “አፌ አያውቀውም። እጄ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ያለ ዐይኔ አይሆንለትም።”

መመለስ

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ተጸለየላቸው፤ ጭንቅላታቸውን ደፍተው አሜን አሉ። ሰኞ ሊዲያ አውቶቡስ ጣቢያ አደረሰችኝ። ቺኑኩ አልፎ ብርዱ ተመልሶ ነበር። በመመለሻው አውቶቡስ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ በዚያ ዘመን ከአልበርታ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ጣቢያ ጠበቀኝ። “ታየሩ አለቀ?” አለኝ። ጉርዱ ብቻ አልኩት፤ መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ሊዲያ ደወለች። ስብሰባው ጥሩ ነበር። ጉርዱን ወደውላታል፤ ከስብሰባው ስትወጣም አንዲት ባልደረባዋ የት አሰፋሽው ብላ ጠይቃታለች። “ካልጋሪ ውስጥ የሚሰፋ ሰው አለ ወይ?” ብላ። ሊዲያ “ነበሩ” ብላ መለሰችላት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በግልጽ ልጻፍ። ያ ልብስ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ተፈላጊ ነው፤ ዳውንታውን ካልጋሪ ላይ በዐይኔ አይቻለሁ። የሚፈልጉትም አሉ፤ ጨርቁም ቢሆን በአንድ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚጠፋው መቁረጡ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያች ሴት ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጬ፣ ትከሻ ሲቆርጡ በየቀኑ አጠገባቸው ሆኜ፣ ዐይኔን ከመርፌዬ አላነሳሁም። ያኔ ሁለታችንም ደኅና ዐይን ነበረን። ከካልጋሪ በገባሁ ማግስት፣ ረቡዕ፣ ወደ ፋብሪካው ተመለስኩ፤ እስከ ምሳ ድረስ ኪስ ሰፋሁ።